መሀልና ዳር

ላንቴ ላይ ጥላ ፈልጌ የገባሁባት ቤት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረች። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር ናት፤ በአንድ ጎኗ ሙዝ የሚጭን አይሱዙ ቆሟል፣ በሌላው ጎኗ ማንጎ ደርድረው የሚሸጡ ልጆች ተቀምጠዋል። የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ተንፍሶ ሾፌሩ ክሪክ ሊለምን ሄዷል። የዓባያ ቆላ በቀትር ሰው ደጅ እንዲቆም አይፈቅድም። ገባሁ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጠኝ፣ ዓይኔም ሌላ ማረፊያ ስላጣ ግድግዳው ላይ በሚስማር በተንጠለጠለች አንዲት ጥቁር ሳጥን ላይ አረፈ።

ሳጥኗ ከመዳፍ ብዙም አትሰፋም። ስምንት ቀዳዳ አላት፤ ስድስቱ ላይ ሰማያዊ ገመድ ተሰክቷል። አንዱ ኢንተርኔት ከሚያመጣው ራውተር ይመጣል፣ አራቱ ወደ አራት ኮምፒውተሮች ይወርዳሉ፣ የቀረው ወደ ማተሚያው። በየቀዳዳው አናት ምስር የምታህል አረንጓዴ መብራት አለች፤ አንዷ ትርገበገባለች፣ አንዷ ዝም ብላ ትበራለች፣ ደግሞ ድንገት ሁሉም ባንድ ላይ ይንጫጫሉ። ስዊች ነው ስሟ። እኔም በወጣትነቴ የእንዲህ ዓይነቱን ገመድ ጫፍ እየላጥኩ እንጀራ በልቻለሁ። ስምንት ቀጫጭን ሽቦ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ፤ ይፈታሉ፣ ይቃናሉ፣ በቀለም ተራ ይሰለፋሉ። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ቀርቷል።

የመማሪያ መጽሐፍ ይህን አቀማመጥ ስታር ቶፖሎጂ ይለዋል፤ የኮከብ ቅርጽ እንበለው። መሀል ላይ አንድ፣ ዙሪያውን ብዙ፤ እያንዳንዱ ከመሀሉ ጋር በየራሱ ገመድ የታሰረ፣ እርስ በርሱ ግን በምንም ያልተያያዘ። ስሙ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በልጅነታችን እርሳስ ሳናነሣ የምንስለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ ሰንደቅ ዓላማችን ላይም ያለው፣ እንደ ኔትወርክ ቢነበብ የኮከብ ቅርጽ የለውም። መስመሩን በጣት ብንከተለው እያንዳንዱ ጫፍ ከሁለት ጫፎች ጋር ብቻ ተገናኝቶ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ቀለበት ነው፤ መሀሉ ላይ ማንም የለም። የመጽሐፉ ኮከብ ግን ያለ መሀሉ ምንም ነው።

አማርኛ ለዚህ ቅርጽ ከኮከብ የሚሻሉ ቃላት አሉት፤ መሀልና ዳር። ከላንቴ ሙዝ ጭኖ የሚነሣ ሰው ወዴት ነው ቢሉት «ወደ መሀል ሀገር» ሊል ይችላል። መሀል ሀገርን በማስመሪያ ለክቶ ያገኘው የለም። መንገዶች ሁሉ የሚገቡበት ቦታ መሀል ይባላል፣ መንገድ አልቆ የሚቆምበት ዳር ይባላል፤ በቃ። ለስዊች እንኳ ከእንግሊዝኛው በፊት የራሳችን ስም ነበረን፤ ማዞሪያ። ስልክ በምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቶለት ወደ ሀገር ከገባ በኋላ፣ በየከተማው ማዞሪያ ቤት አንድ ሰው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ይቀመጥ ነበር። ጠሪው አግዳሚ ላይ ተራውን ይጠብቃል፣ ስሙ ሲጠራ ይነሣል፤ ማዞሪያው ላይ የተቀመጠችው ሴት የዚህን ገመድ ከዚያ ቀዳዳ ትሰካለች፣ ማን ከማን እንደሚነጋገር ከከተማው ሰው ሁሉ በፊት ታውቃለች።

ይህች ሳጥንም ሥራዋ ያው ነው፤ ወሬ አትሰማም እንጂ። ስትበራ ማንንም አታውቅም። አንዱ ኮምፒውተር ሲናገር «ይህ አድራሻ በሦስተኛው ቀዳዳ ነው» ብላ ትይዛለች። ለማታውቀው አድራሻ የተላከ መልእክት ሲመጣባት ለሁሉም ትበትነዋለች፤ ባለቤቱ ሲመልስ የት እንዳለ ትማራለች። ጥቂት ቆይታ ሁሉንም ካወቀች በኋላ የአንዱን ለአንዱ ብቻ ታደርሳለች። ከእሷ በፊት የነበረው፣ ሀብ የሚባለው፣ መማር አያውቅም ነበር፤ ከአንዱ የሰማውን ለሁሉም ይለፍፋል። እሷ ግን አታዳላም፣ አትጨምርም፣ አትቀንስም። «መሀል ሰፋሪ» የሚለው ስድባችን ለእሷ ምስጋና ይሆንላታል።

መሀል የሌለበት ዘመንም ነበረ። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በ1973 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ኢተርኔትን ሲጀምሩ፣ አንድ ረጅም ገመድ ዘርግተው ሁሉም ኮምፒውተር በእሱ ላይ እንዲለጠፍ ነው ያደረጉት። ባስ ይባላል። ሊናገር የፈለገ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ጸጥ ካለ ይናገራል። ሁለት ባንድ ጊዜ ከጀመሩ ሁለቱም ያቆማሉ፣ ጥቂት ይታገሣሉ፣ ደግሞ ይሞክራሉ። በር ላይ የተገናኙ ሁለት የሀገሬ ሰዎች «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ተባብለው፣ ቀጥሎ ሁለቱም ባንዴ ተራምደው፣ ደግሞ ሁለቱም ወደ ኋላ ሲሉ ባየሁ ቁጥር ሜትካፍ ትዝ ይለኛል።

የባስ ችግሩ ገመዱ አንድ መሆኑ ነበር። ጫፉ ላይ የምትገጠመው ባለ 50 ኦም መዝጊያ ከወለቀች ምልክቱ ግድግዳ እንደ መታ ኳስ ተመልሶ ሁሉንም ያውካል። አንድ ሰው ጠረጴዛውን ገፋ ሲያደርግ ክፍሉ በሙሉ ይሞታል፤ የት እንደ ተቋረጠ ለማወቅ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በየጠረጴዛው ሥር መዳህ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የተገመደውን ቀጭን ሽቦ ከመሀል ሳጥን ጋር የሚያገናኘው ደረጃ ሲጸድቅ፣ ባስ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ። ኮከብ ብዙ ገመድ ይበላል። እያንዳንዱ ገመድ ከ100 ሜትር ማለፍም የለበትም። ግን የአንዱ ጥፋት በአንዱ ላይ ይቀራል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሥራ ለሚለምዱ ልጆች ስንት ጊዜ ተናግሬያታለሁ!

የእኔ ጥፋት ግን አንድ ጊዜ በእኔ ላይ አልቀረም። በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ተንጠልጥሎ ያገኘሁትን የገመድ ጫፍ «ማን ነቀለው?» ብዬ ባዶ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ሌላኛው ጫፍም እዚያው ሳጥን ላይ ነበር የተሰካው። ሳጥኗ ከራሷ ጋር ማውራት ጀመረች። ለሁሉም የተባለች አንዲት መልእክት ወጣች፣ ዞራ ገባች፣ እንደገና ለሁሉም ተበተነች፣ እንደገና ገባች። መብራቶቹ መርገብገባቸውን ትተው ቀጥ ብለው በሩ፤ ፎቁ በሙሉ ሥራ ፈታ። ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት በ1985 እ.ኤ.አ. ለዚህ መላ አበጅታለታለች፤ ሳጥኖቹ ተነጋግረው የሚዞረውን መንገድ ራሳቸው ይዘጉታል። ርካሾቹ ሳጥኖች ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ጥበብ የላቸውም፤ የዚያን ቀንም አልነበራቸውም።

«ጋሼ፣ ኢንተርኔት ፈልገው ነው?» አለችኝ የቤቱ ባለቤት። ወጣት ናት፤ የአንድ ገበሬ መታወቂያ ኮፒ እያደረገች ነበር።

«የለም የኔ እህት፣ ሳጥኗን እያየሁ ነው።»

«ተበላሸች እንዴ?»

«ደህና ናት።»

ፊቷ ተመለሰ፤ ስልኳን ግን ደጋግማ ታያለች። ስጠይቃት የውሃ ተራ እየጠበቀች መሆኑን ነገረችኝ። ቤተሰቡ ሙዝ አለው፤ ወንድሟ ቦዩ ላይ ነው። «የእኛ ማሳ ግርጌ ነው» አለች፤ ሌላ ማብራሪያ እንደማያስፈልገው አድርጋ።

አያስፈልገውም። ከጨንቻ ደጋ እየተነሡ ወደ ዓባያ የሚወርዱት ወንዞች፣ እነ ሐሬ፣ የዚህ ሜዳ ነፍስ ናቸው። ውሃው ከወንዙ ተጠልፎ ወደ ዋናው ቦይ ይገባል፣ ከዋናው ወደ መጋቢው፣ ከመጋቢው ወደ ማሳ። አንድን መጋቢ ቦይ ለብቻው ያየ ሰው የሜትካፍን ገመድ ያያል። ራስጌ ያለው ቀድሞ ያጠጣል፣ ግርጌ ያለው የተረፈውን ይጠብቃል። ራስጌ ያለው ደለሉን ካልጠረገ ግርጌ ያለው ይደርቃል፤ ራስጌ ያለው ሌሊት ሰርቆ ቢከፍት ግርጌ ያለው ጠዋት ከቦዩ ያነባል። ስለዚህ ግርጌ ያለ ሰው የራስጌውን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል፤ የልጆቹን ብዛት፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ሲቆጣ ማንን እንደሚፈራ። በቦይ ጠረጋ ቀን ጎን ለጎን ቆመው ጭቃ ያወጣሉ። በተራ ይጣላሉ፣ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃሉ፣ በሚቀጥለው በጋ ደግሞ ይጣላሉ።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። እዚያ የውሃ ምህንድስና የተማሩ ወዳጆች አሉኝ። ለከተማ ቧንቧ ሲነድፉ «ቅርንጫፍ ይሁን ወይስ ቀለበት?» ብለው ይከራከራሉ። ቅርንጫፉ ርካሽ ነው፣ ግን ጫፉ ላይ ውሃ ይተኛል፤ ቀለበቱ ውድ ነው፣ ግን በአንድ በኩል ቢሰበር በሌላ ዞሮ ይደርሳል። በር ላይ ቆሜ ሳዳምጣቸው ስለ ውሃ ይሁን ስለ ፋይበር የሚያወሩት አይለየኝም።

እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ስዘረጋው የኖርኩት ኮከብ ከምን እንዳሳረፈን የገባኝ «የእኛ ማሳ ግርጌ ነው» ስትለኝ ነው። ያሳረፈን ከጎረቤት ነው። የአንዱ ጥፋት በአንዱ ላይ የሚቀር ከሆነ፣ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቅበት ምክንያት የለም። ከእነዚህ አራት ኮምፒውተሮች የአንዱ ገመድ ቢቆረጥ አጠገቡ ያለው ምንም አይጎድልበትም፤ መቆረጡንም አይሰማም። የሁሉም ጉዳይ ከመሀሉ ጋር ነው። ልመናውም፣ ቅሬታውም፣ ምስጋናውም ወደ መሀል ይሄዳል። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ራስጌና ግርጌ የለም፤ ሁሉም እኩል ዳር ነው። ይህን በክፉ አላነሣውም። በውሃ ተራ ጠብ በአካፋ የተፈነከተ ሰው ጎረቤት የማያስፈልግበትን ዓለም ቢመኝ ማን ይፈርድበታል?

ሀገራችን ኮከብን በሰፊው ሞክራዋለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ ነጭ የሳተላይት ሳህን ይተከል ጀመር፤ ወረዳ ኔት ተባለ። ወረዳዎቹ አዲስ አበባ ካለው ማዕከል ጋር ተገናኙ፤ አስተዳዳሪዎች ስክሪን ፊት ተሰብስበው ከበላይ አካል ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ቻሉ። ከላንቴ ቀና ቢሉ የጨንቻ ተራራ ይታያል። በዚያ መሥመር ከዚህ ከቆላው ወረዳ ለጨንቻ አንድ ደብዳቤ ቢላክ፣ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ተቀመጠችው ሳተላይት ይወጣል፣ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ከአዲስ አበባ ያንኑ ያህል እንደገና ይወጣል፣ ጨንቻ ይወርዳል። ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ፤ በብርሃን ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ ገደማ። ግማሽ ሰከንድን ማን ይቆጥራታል? ደብዳቤውን ይዞ በእግሩ የሚወጣ ሰው ቀኑ ይመሽበታል። ዶርዜ ላይ ግን አረፍ ይላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ማን እንደ ታመመ ይሰማል።

ልባችን ውስጥ የቀረው ግን የትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በመቶዎች በሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይረጭ ነበር። ከመሀል የሚመጣ፣ ወደ መሀል የማይመለስ ኮከብ። ገመድ ልዘረጋ በገባሁበት አንድ ክፍል ጥግ ቆሜ አይቼዋለሁ። የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል፤ ማን ይመልስ ማን ይሳሳት አይሰማም። በዚያች ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ግን ሌላ ኔትወርክ ይሠራ ነበር። አንዷ ልጅ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ምን አለ?» ትላለች፤ ያችም ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ትጠይቃለች፤ ጥያቄው በየአግዳሚው እየተሳበ እስከ ኋላው ወንበር ይደርሳል። መልሱ በተመሳሳይ መንገድ ሲመለስ መምህሩ ሌላ ምዕራፍ ጀምሯል።

ሙዙም በዚሁ ቅርጽ ይሄዳል። ውጭ የቆመው አይሱዙ ወለሉ በሙዝ ቅጠል ተነጥፎ፣ አረንጓዴው ዘለላ ተረብርቦበት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ አዲስ አበባ ገብቶ በማብሰያ ቤት ይበስላል፣ ከዚያ ወደየከተማው ይከፋፈላል። ሙዝ ዛሬ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚመጣው ሙዙ ካለበት ሳይሆን ሙዙ ከሚሄድበት ነው፤ በስልክ፣ በደላላው በኩል። የላንቴ ገበሬ አጠገቡ ያለው ገበሬ ትናንት በስንት እንደ ሸጠ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ መስማቱ አይቀርም።

ሁሉም ከሁሉም የሚያያዝበት ቅርጽ ደግሞ አለ፤ ሜሽ። ለ6 ኮምፒውተር 15 ገመድ፣ ለ20 190፣ ለ100 4,950 ገመድ ይፈልጋል። ቤቱ ገመድ ሆኖ ሰው መግቢያ ያጣል። ፖል ባራን የተባለ ተመራማሪ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ የኑክሌር ጦርነት ሥጋት ነበር ከፊቱ የተደቀነው፤ ኮከብን ለመግደል አንድ ቦምብ መሀሉ ላይ ይበቃል። ታዲያ ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሁሉም ከሁሉም መያያዝ የለበትም፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ሦስት ወይም አራት ጎረቤት ካለው መረቡ ብዙ ተመትቶም አይበጣጠስም። ሦስት አራት ጎረቤት! «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን የድሩን ብዛት እንጂ አያያዙን አይነግረንም። ዶርዜ ሄዶ ሸማኔ የጠየቀ ግን ድር ያለ ማግ ጨርቅ እንደማይሆን ይነገረዋል።

ለነገሩ የዚህ አካባቢ ሕዝብ፣ ጋሞ፣ ሜሹን ያለ ገመድ ሠርቶታል። ዱቡሻ ይባላል፤ አባቶች የሚሰበሰቡበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት አደባባይ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ሁሉም ሁሉንም ያያል። መቶ ሰው ቢቀመጥ 4,950 ገመድ ነው፤ አንድ ክንድ ሽቦ አልፈጀም። በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ ከቡራዩ የመጣው የጋሞ ተወላጆች የሞት ወሬ አርባ ምንጭ ደርሶ ወጣቱ ለበቀል በተነሣ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ነው ያስቆሙት። ወሬው በአየር መጣ፤ ሣሩ በእጅ።

መብራት ሄደ። ማራገቢያው እየዛለ ቆመ፣ ስድስቱ ምስሮች ባንዴ ጠፉ። ገበሬው መታወቂያውን ከማሽኑ ላይ ማን ያውጣልኝ በሚል ዓይን አየን። ልጅቱ ክዳኑን ከፍታ ሰጠችው፤ ስልኳን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ሞከረች፣ አልያዘላትም።

ከዚያ ከሙዙ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። ሩቅ ነው፣ በላይ በኩል። ጋሞኛ ስለሆነ ቃሉን አልለየሁትም። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ድምፅ ቀረብ ብሎ ያንኑ ደገመው። ከዚያ ሌላ፣ ይበልጥ ቀርቦ። ልጅቱ ከበሩ ጀርባ አካፋ አነሣች።

«ውሃ ደረሰ» አለችኝ። «ጋሼ፣ ሾፌርዎ እስኪመጣ ይቀመጡ። ሲወጡ በሩን ገርበብ ያድርጉልኝ።»

ደጃፉ ላይ ቆም ብላ፣ እሷም ፊቷን ወደ ዓባያ አዙራ ያንኑ ቃል ጮኸች። ከእነሱም ግርጌ ሰው አለ ለካ። ከሙዙ ሥር አንድ ሰው መለሰላት፤ ከእሱ ወዲያ ደግሞ ሌላ፣ እየቀጠነ።

መብራት የመጣው ሾፌሩ በር ላይ ሆኖ ሲጠራኝ ነው። ሳጥኗ ነቃች። ስድስቱም አንዴ ባንድ ላይ በሩ፣ ጠፉ። ከዚያ በራውተሩ በኩል ያለችው ብቻዋን ትርገበገብ ጀመር፤ አራቱ ኮምፒውተሮች እንደ ጠፉ ስለነበሩ የሚመልስላት አልነበረም። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።